«ዛሬ ምን ተማርሽ?» «ተጫወትኩ»

   እኛ እዚህ ረሆቮት ነን።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ልጆች ጨዋታ ነው። አትሳቁብኝ። ሠላሳ አምስት ዓመቱን የጨረሰ፣ ወታደር የነበረ፣ እጁ በብየዳ የተጠባበሰ ሰው ስለ አሻንጉሊት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ነገሩን የጀመረችው እናቴ ናት።

እናቴ ማክሰኞ ማክሰኞ ልጄን ከጋን ታመጣልናለች። (ለማታውቁት፣ ጋን ማለት አገር ቤት መዋዕለ ሕፃናት የምንለው ነው፤ ከሦስት ዓመት ጀምሮ አንደኛ ክፍል እስኪገቡ ድረስ ይውሉበታል። አስተማሪዋ ጋነኔት፣ ረዳቷ ሳያዓት ትባላለች። ከዚህ በኋላ እንዲሁ እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹንም በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የእኛ ጋን የሃይማኖት ጋን ነው። ጠዋት በጸሎት ይጀምራል፣ ወንዶቹ ኪፓ ያደርጋሉ፣ ዓርብ ሰንበትን ይቀበላሉ። እናቴ መንገድ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ልጅቱም ሁልጊዜ አንድ መልስ አላት፤ «ተጫወትኩ።»

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስገባ እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። «አንተ፣ ይቺ ልጅ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። አንድ ፊደል አታውቅም። ስጠይቃት ተጫወትኩ ነው የምትለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ጎንደር ግቢ ውስጥ እየተራብን የጠበቅነው ልጆቻችሁ እዚህ መጥተው ጭቃ እንዲያቦኩ ነው?» አለችኝ።

ምን ልመልስ? በሆዴ እኔም እንደሷ ነበር የማስበው። ባለቤቴ ደግሞ በከተማው ሌላ ጫፍ ያለ አንድ ጋን ሰምታለች፤ እዚያ በአራት ዓመታቸው የመልመጃ ወረቀት ይሰጣቸዋል፣ ፊደል ይቆጥራሉ፣ ወረቀቱን ቤት ይዘው ይመጣሉ። ወረቀት የሚታይ ነገር ነው። ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፋል። ጨዋታ ግን የት ይለጠፋል? የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባም እየደረሰ ስለነበር ልናዛውራት ወሰንን ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ ፍርሃታችን ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ወላጆቻችን እንዲህ ሲሉ «ኋላ ቀር ናቸው፣ አይገባቸውም» የሚሉ አሉ። በደንብ ይገባቸዋል!

እኔ ከጎንደር የመጣሁት በ2000 ነው፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ። የመጣነው በመመለስ ሕግ ሳይሆን በመግቢያ ሕግ ከገቡት ጋር ስለነበር ቤተሰባችን የጊዩሩን ትምህርት መማር ነበረበት፤ ልጆችም ወደ ሃይማኖት ትምህርት ቤት መግባት ነበረብን። ከእኛ በፊት በሙሴ ዘመቻና በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡትም ልጆች አብዛኞቹ ወደዚያው ነው የተላኩት። አልቆጭም፤ ጸሎቱን ወድጄዋለሁ፣ ዛሬ ልጄን በገዛ ፈቃዴ እዚያው ነው ያስገባኋት። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ አንድ አማካሪ ጠራኝና «አንተ እጅህ ወርቅ ነው፣ እንዳንተ ያሉ ልጆች በእጃቸው ነው የሚማሩት» አለኝ። ደስ አለኝ! ወርቅ ነው ሲሉት ማን ይጠላል? ፕኒሚያ (አዳሪ ትምህርት ቤት) ገብቼ የብረታ ብረት ክፍል ውስጥ ዙሪያዬን ስመለከት ግን አብዛኞቻችን የእኛው ልጆች ነበርን። የሒሳቡ ክፍል ኮሪደሩን ተሻግሮ ነበር፣ እዚያ ደግሞ የእኛ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነው። ባግሩት ያለ ጥሩ ሒሳብ ምን እንደሆነ የገባኝ ከሠራዊት ስወጣ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ።

ሙያዬን እወደዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው፣ አላማርርም። ሆኖም «ልጆቻችሁ በጨዋታ ይማራሉ፣ በእጃቸው ይማራሉ» የሚል ሰው ሲመጣ ፀጉሬ ይቆማል። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ተሽጦልኛል።

እንግዲህ በዚህ ስሜት ነው የወላጆች ስብሰባ የሄድኩት። ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ተቀምጠናል። አንድ አባት ተነሣና የሁላችንን ጥያቄ ጠየቀ፤ «ፊደል መቼ ነው የምታስተምሯቸው?» አንድ ሽማግሌ፣ የልጅ ልጃቸውን ብለው የመጡ፣ «በአባቶች ምዕራፍ እኮ መጽሐፍ የሚጀመረው በአምስት ዓመት ነው» አሉ። ይህን ሲሉ ግማሹ ሰው «ይኸው አምስት ሊሞላቸው ነው!» አለ፣ ግማሹ ደግሞ «ይኸው፣ ገና አልሞላቸውም!» አለ። ከአንድ ጥቅስ ሁለት ጎራ። ይህማ የአይሁድ ልማድ ነው።

ጋነኔቷ ከሩስያ የመጣች፣ ጥምጥሟን አጥብቃ የምታስር፣ ቀልድ የማታውቅ የምትመስል ሴት ናት። ንግግር አላደረገችም። ወደኔ ዞር ብላ «አንተ ወታደር ነበርክ አይደል? ጥበቃ ላይ ቆመሃል?» አለችኝ። እንዴት አልቆምም! አራት ሰዓት ጥበቃ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት፤ ሰው ያልቆመበት አያውቀውም። «የአራት ዓመት ልጅ ዝም ብለህ ቁም ብትለው ስንት ጊዜ ይቆማል?» አለች። ሳቅን። ከዚያ በ1948 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የታተመ ጥናት ነገረችን። ማኑይሌንኮ የሚባሉ ተመራማሪ ሕፃናትን ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆሙ አደረጉ። እንዲያው ቁም የተባለው ልጅ ወዲያው ይቁነጠነጣል። «አንተ የፋብሪካ ዘበኛ ነህ» ተብሎ በጨዋታ የቆመው ልጅ ግን ብዙ እጥፍ ቆየ። ያው ልጅ ነው፣ ያው እግር ነው። «እኔ ወረቀት ልሰጣቸው እችላለሁ» አለች፣ «ወረቀት ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን መጀመሪያ ራሱን መግታት መቻል አለበት። እሱን የሚማሩት እዚያ ነው» ብላ የአሻንጉሊቱን ጥግ አሳየችን።

እውነት ለመናገር ያን ቀን አላሳመነችኝም። «ጥሩ ተናጋሪ ናት» ብዬ ወጣሁ። ያሳመነኝ ሌላ ቀን ነው። ልጄን ቀደም ብዬ ላመጣት ሄድኩና አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁ።

ግቢያቸው ውስጥ አንድ ጥግ አለ፣ ሐጻር ግሩታኦት ይሉታል። በአማርኛ የቁርጥራጭ ግቢ ልበለው? አዲስ አበባ ቁራሌው እየዞረ የሚገዛውን ዓይነት ዕቃ ነው የተሞላው፤ አሮጌ ድስት፣ የመኪና ጎማ፣ የማይሠራ ስልክ፣ ሳንቃ፣ የፕላስቲክ ቱቦ። መጀመሪያ ሳየው ተናድጄ ነበር። ለእኛ ሰፈር ልጆች ቆሻሻ፣ ለሌላው ደግሞ አዲስ መጫወቻ መስሎኝ ነው። በኋላ ነው የሰማሁት፦ ይህን ዘዴ ያስፋፋችው ማልካ ሀስ የምትባል መምህርት ናት፣ በቤት ሸዓን ሸለቆ ስዴ ኤሊያሁ በሚባል ኪቡትስ። ስዴ ኤሊያሁ ደግሞ በ1939 የተመሠረተ የሃይማኖተኞች ኪቡትስ ነው። እዚያ ለአሥርት ዓመታት ሕፃናትን እየተመለከተች ሠራች። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ ከሱቅ የተገዛ መጫወቻ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኗል፣ የተጣለ እውነተኛ ዕቃ ግን ምን እንደሚሆን የሚወስነው ልጁ ነው። ድስቱ ዛሬ ድስት፣ ነገ የወታደር ቆብ፣ ከነገ ወዲያ የኦሪት ማስቀመጫ ሣጥን። ከዚያ ኪቡትስ ወጥቶ በመላ አገሪቱ ባሉ ጋኖች ተሰራጨ። ለድሃ ሰፈር የተፈጠረ አይደለም ማለት ነው። ደስ አለኝ፣ ትንሽም አፈርኩ።

ወደ አጥሩ ልመለስ። ልጄና ሁለት ጓደኞቿ ከቧንቧው እስከ አሸዋው ድረስ ውሃ ሊያደርሱ ይታገላሉ። ቱቦውን መሬት ላይ ዘርግተዋል፣ ውሃው መሐል ላይ ቆሞ ይቀራል። አንደኛው ልጅ ቱቦውን ይመታዋል (የወንድ ነገር!)። ሳያዓቷ ከእኛው ሰፈር የሆነች ሴት ናት፤ አጠገባቸው ተንበርክካ «ውሃው የት ጋ ነው የደከመው?» አለቻቸው። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ልጆቹ ተነጋገሩ፣ ተጣሉ፣ እንደገና ተነጋገሩ። በመጨረሻ ልጄ ሁለት ሳንቃ አምጥታ የቱቦውን ራስ ከፍ አደረገችና «ከዚህ ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ፣ አለበለዚያ አይሄድም» አለች። ውሃው ሄደ። ጩኸቱ እስከ መንገድ ተሰማ።

እኔ በሥራዬ የፍሳሽ ቱቦ ስዘረጋ ለአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅታ እሰጣለሁ። ይህን የተማርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ በጥቁር ሰሌዳ፣ ሳይገባኝ። የገባኝ ራሴ የዘረጋሁት ቱቦ ተመልሶ ሲፈስብኝ ነው። እሷ በአራት ዓመት ተኩሏ ደረሰችበት፤ ከዚያም በላይ ምክንያቱን በቃል አወጣችው። አማካሪው «በእጅ የሚማሩ» ሲለን የጎደለው ይህ ነበር። እጃችንን አመሰገነልን፣ አፋችንን ግን አልጠየቀም። ለምን እንደሆነ ንገረኝ ያለን አልነበረም። የጋኗ ሳያዓት ግን «የት ጋ ነው የደከመው?» አለች። ልዩነቱ እዚያች ጥያቄ ውስጥ ነው፣ እኔ እስከገባኝ።

ሌላም ነገር አለ፣ ልጽፈው ወይስ ልተወው እያልኩ የቆየሁት። በጥቅምት 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ልጄ ጋን ከገባች ገና አንድ ወሯ ነበር። እኔ ሚሉዒም (ተጠባባቂ ጦር) ተጠራሁና አራት ወር ያህል ከቤት ራቅሁ። ጋኖቹ መጀመሪያ ላይ ተዘግተው ነበር፣ ረሆቮት ላይም ሲረን ይጮህ ነበር። ስመለስ ጋነኔቷ ለብቻዬ አስቀመጠችኝ። ልጄ ለሳምንታት አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር የተጫወተችው፤ አሻንጉሊቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ሥር ትከታለች፣ እንደ ሲረን ትጮኻለች፣ ትቆጥራለች፣ «አለፈ፣ ውጡ» ትላለች። ከዚያ አንድ ልጅ አባት ሆኖ በቦርሳ ኩብ ሞልቶ በር ማንኳኳት አለበት። አንዳንድ ቀን በሩ ይንኳኳል። አንዳንድ ቀን «ዛሬ አይመጣም» ትላለች፤ አባት ሆኖ የተመረጠው ልጅ ቦርሳውን ይዞ ውጭ ቆሞ ይቀራል።

ጋነኔቷ አላስቆመቻትም። «ይሄ ጨዋታ ያስፈራል፣ ሌላ ተጫወቺ» አላለቻትም። ጠረጴዛው ሥር ገብታ ከአሻንጉሊቶቹ እንደ አንዷ ሆና ተቀመጠችና «እስኪመጣ ድረስ ምን እናውራ?» አለቻት። እኔ ከተመለስኩ በኋላ ቀስ በቀስ አሻንጉሊቶቹ ገበያ መሄድ ጀመሩ። እኔ ግን ሌሊት እባንን ነበር፣ ለማንም ቃል አልተነፈስኩም። የሦስት ዓመት ልጄ ከኔ በፊት ለነገሩ ቃል አገኘችለት። ይህን ሁሉ አውቄ ነው እንግዲህ ከአንድ ዓመት በኋላ ስለ ፊደል ወረቀት ብዬ ላዛውራት የነበረው። ሰው ቶሎ ይረሳል።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ፣ ጥያቄዋ የዋዛ አይደለምና። «ፊደልስ?» ትላለች። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት ጎንደር ግቢ ውስጥ ነው፣ በዱላ ሥር። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖቹም ልጆቻቸውን የቄስ ትምህርት ቤት ልከው ሀሁ ያስቆጥሩ ነበር። ያንን አላንቋሽሽም፤ ዛሬ ይህን በአማርኛ የምጽፍላችሁ በእሱ ነው። ነገር ግን ምን ትዝ ይለኛል? ዱላው ትዝ ይለኛል፣ ዜማው ትዝ ይለኛል። ፊደሉ በአእምሮዬ የቀረው በዜማው ነው። ሲመሽ ደግሞ አኩኩሉ፣ ቅልሞሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ዕቃ ዕቃ። እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ። ለእንቆቅልሹ መልስ ያጣ አገር ይሰጣል፤ እኔ ጎንደርን ስንት ጊዜ ሰጥቻለሁ መሰላችሁ! ወላጆቻችን ያን ጊዜ ቋንቋ እያስተማሩን እንደነበር አያውቁም። አማርኛችን ራሱ ያውቃል እንጂ። እንግዳ ሲመጣ «ተጫወቱ» እንላለን፤ አውሩ ማለታችን ነው። «ጨዋታ አዋቂ» የምንለው ኳስ የሚራገጠውን ሳይሆን ቋንቋ የሚያውቀውን ሰው ነው። በእኛ ቋንቋ ወሬና ጨዋታ አንድ ቃል ናቸው፤ እዚህ አገር ስንመጣ ነው የለያየናቸው።

ዕብራይስጡስ ቢሆን? ከእኛ አጠገብ ያለችው ሪሾን ለጽዮን የመጀመሪያው የዕብራይስጥ ጋን የተከፈተባት ከተማ ናት፣ በ1898። የዚያን ጊዜ ሕፃናት ቤታቸው የሚናገሩት ዪዲሽ ወይም ሌላ ቋንቋ ነበር፤ ዕብራይስጥን በዘፈንና በጨዋታ ጋን ውስጥ ለመዱና ማታ ለእናቶቻቸው ይዘው ገቡ። ይህ አገር ቋንቋውን ከመጽሐፍ ወደ አፍ ያወጣው ጋን ውስጥ በሚጫወቱ ልጆች ጭምር ነው። ታዲያ ልጄ አሸዋ ላይ ተቀምጣ በዕብራይስጥ ስትከራከር ባያት ለምን እደነግጣለሁ?

ረሆቮት ራሷን የሳይንስ ከተማ ትላለች፣ እውነቷን ነው። የቫይዝማን ተቋም ከ1934 ጀምሮ እዚህ ነው፣ ከእኛ ክርያት ሞሼ ሰፈር ብዙም አይርቅም፤ በአእምሮ ግን ባሕር ማዶ ነው። ልጅ ሳለሁ በትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ወሰዱን፣ ክሎር ወደሚባለው የሳይንስ አትክልት ስፍራ። ውሃውን፣ ድምፁን፣ የፀሐይዋን ሙቀት በእጅህ እየነካህ የምትሞክርበት ቦታ ነው። ያኔ ዝም ብዬ ተደሰትኩ። አሁን ሳስበው ግን፣ ያ ሁሉ ፕሮፌሰር ተሰብስቦ ለልጆች ሳይንስ ሊያስተምር ሲፈልግ የሠራው መጫወቻ ቦታ ነው! የመልመጃ ወረቀት አላደለንም። ፊንላንዶችም ልጆቻቸውን አንደኛ ክፍል የሚያስገቡት በሰባት ዓመታቸው ነው፣ ማንም ማይም ናቸው ሲላቸው አልሰማሁም።

ይህን ስል ግን ሁሉም ጨዋታ ትምህርት ነው እያልኩ አይደለም፤ እዚህ ላይ ከጋነኔቷም ጋር አልስማማም። ሠላሳ አምስት ልጅ በአንድ ክፍል አጉሮ «ይጫወታሉ» ማለት ቀልድ ነው። በዚህ አገር ሕጉ አንድ ጋን ውስጥ እስከ ሠላሳ አምስት ልጅ ይፈቅዳል። በ2011 በጋ ሕዝቡ ድንኳን ተክሎ ስለ ኑሮ ውድነት ከጮኸ በኋላ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ነፃ ትምህርት በ2012 በመላ አገሪቱ ተግባራዊ ሆነ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ቤተሰብ ተገላግሏል። ልጆቹ ሲበዙ ግን እጅ አልበዛም። በ2015 ወላጆች «የሳርዲን ተቃውሞ» ብለው ወጡ፣ ልጆቻችን እንደ ሳርዲን ታሸጉ ሲሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሠላሳና ከዚያ በላይ ትንንሽ ልጆች ላሉበት ጋን ሁለተኛ ረዳት የተፈቀደው። ያቺ ጠረጴዛ ሥር የገባች ጋነኔት በሌላ ቀን ጊዜ ባታገኝስ? ያቺ «የት ጋ ነው የደከመው?» ያለች ሳያዓት ያን ሰዓት አፍንጫ እየጠረገች ቢሆንስ? ቱቦው ይመታ ነበር፣ ውሃው ይቆም ነበር፣ ልጆቹም ይበተኑ ነበር። እሱም ጨዋታ ይባላል እንግዲህ። ወላጆች ስብሰባ ላይ መጮህ ያለብን ስለዚህ ነው እላለሁ። «ፊደል መቼ?» ከማለት «ከልጄ ጋር ዛሬ ማን አወራ?» ብንል ይሻላል።

ቤት ውስጥ ያለውም ድርሻ ቀላል አይደለም። የመጣን ሰሞን አንዲት ሴት በየሳምንቱ ደብተር ይዛ ቤታችን ትመጣ ነበር፣ ለታናሽ ወንድሜ። ሀኤትጋር የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ በ1969 በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አቪማ ሎምባርድ የጀመሩት፣ እናት ራሷ ልጇን ቤት ውስጥ እንድታስተምር የሚረዳ። እናቴ ዕብራይስጡን ማንበብ አትችልም ነበር። ሴትየዋ ግን «አንቺ በአማርኛ አጫውቺው፣ እኔ እተረጉማለሁ» አለቻት። እናቴ በምስሮችና በባቄላ ትልቅና ትንሽ፣ ብዙና ጥቂት አስተማረችው። ይህን ያስታወስኳት ባለፈው ነው። «እሱማ ትምህርት ነበር፣ ሴትየዋ እኮ ደብተር ይዛ ነበር የምትመጣው!» አለችኝ። ደብተር ከሌለ ትምህርት አይመስላትም፣ ምን ታድርግ።

አሁን ልጄና እናቴ አንድ ላይ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን በስልክ ያያሉ፤ በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው፣ ያቺ ቀጭኔ ያለችበት የአሻንጉሊት ፕሮግራም። ልጅቱ ቃሉን ትጠይቃለች፣ አያት ታስረዳለች። ያንን ግን እናቴ እንደ መዝናኛ ነው የምታየው። ዝም ብያለሁ።

አላዛወርናትም። ባለቤቴ ሙሉ በሙሉ ተስማምታለች ማለት አልችልም፤ አንድ የፊደል ደብተር ገዝታ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለች፣ እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ እኔም አልፎ አልፎ የመንገድ ታርጋ እያሳየሁ «ይሄ ምን ይላል?» እላታለሁ። ፍርሃት በአንድ ቀን አይለቅም።

ከጥቂት ሳምንት በፊት ልጄ የሰንበት እናት ሆነች። ዓርብ ዓርብ ጋን ውስጥ አንድ ልጅ የሰንበት አባት፣ አንዷ የሰንበት እናት ይሆናሉ። ሻማውን ታበራለች (መብራቱ የውሸት ነው)፣ እሱ በወይን ጭማቂ ኪዱሽ ይላል፣ ሁሉም ዳቦ ይቆርሳል። ጨዋታ ነው። ግን አንድም ልጅ አይስቅም። እናቴ ስትሰማ ሌሊቱን ሙሉ ስትጋግር አደረች፣ እንደ አገራችን የሰንበት ዳቦ። ጠዋት ጋኑ ድረስ ይዛው መጣች። ጋነኔቷ «ቁጭ በይ» ስትላት እንቢ አለች፣ በኋላ ቁጭ አለች። ሠላሳ ምናምን ልጅ የእሷን ዳቦ በላ። አንዱ «ይሄ ሐላ አይደለም» አለ፤ ልጄ ደግሞ የሰንበት እናት ናትና «የእኔ ሰንበት ነው፣ የእኔ ዳቦ ነው» አለችው። ወዲያው እናቴ ከቦርሳዋ አምስት ጠጠር አወጣች። ቅልሞሽ! ለካ ይዛ ነው የመጣችው። አንዱን ወደ ላይ ወርውራ ሌላውን ስታነሣ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» በአማርኛ ነበር የምትቆጥረው፣ እነሱም ተከተሏት፣ የሩስያውም የየመኑም ልጅ። ሳያዓቷ ናት ይህን የነገረችኝ፣ እናቴ አልነገረችኝም። ስጠይቃት «ዳቦ አድርሼ መጣሁ» ብቻ አለችኝ።

አንድ ነገር ለክርያት ሞሼ ልጆች። የቁርጥራጭ ግቢው ቱቦ ተሰባብሯል። እሑድ ጠዋት ከሥራ ቦታዬ የተረፉ ቱቦዎችና ጥቂት የብረት ክዳኖች ይዤ እሄዳለሁ፤ ጠርዙን ሁሉ ሞርጄዋለሁ፣ ልጅ አይቆርጥም። አናጢ የሆናችሁ፣ የተረፈ ሳንቃ ካላችሁ ሚስማሩን ነቅላችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ አምጡ። አሮጌ ድስትም ይፈለጋል፣ ጀበናም ቢሆን፣ ጆሮው የተሰበረ አይከለከልም።

ሻባት ሻሎም፣ ለሁላችሁም።